የአያቴን የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው፦ እስካሁን የደረስኩበት

የቤተሰብ ታሪክ ለምትሰበስቡ ወዳጆቼ፣ «ሥራው የት ደረሰ?» ላላችሁኝ ይኸው። የአባባን የሕይወት ታሪክ ግማሽ ያህል አድርሼዋለሁ። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። መንዝ ተወልደው፣ ጉልበታቸውን በጦር ሠራዊት ጨርሰው፣ በሻለቃ ማዕረግ ደብረ ብርሃን የገቡ ሰው። ለሙት ዓመታቸው አሳትሜ ለልጅ ልጆቹ ሁሉ ላድል ነው ሐሳቤ።

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ መቼም ታውቁታላችሁ። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ተቀጠሩ፤ ተሾሙ፤ የአራት ልጆች አባት ነበሩ። የአባባም እንደዚያ ተነቧል። አንድም ውሸት የለበትም፤ ሰውየው ግን የሉበትም። ማዕረጉ ከላይ፣ ልጆቹ ከታች ተጽፈው፣ በመሃል አያቴ እማማ፣ ባለቤታቸው፣ ዕቃ እየጠቀለሉ ከካምፕ ካምፕ የዞሩበት ዘመን የትም የለም። እኔ አሁን የማምንበት ነገር ይኼ ነው፦ የወታደር ታሪክ ከቤቱ በኩል ሲጀመር ነው የሚገኘው።

ስለዚህ በጦርነቱ አልጀመርኩም። በልጆቹ የትውልድ ቦታ ጀመርኩ። የበኩር ልጅ ሐረር፣ ተከታዩ ጅጅጋ፣ ሦስተኛዋ ደብረ ብርሃን፣ የመጨረሻው አስመራ። እዩት እስቲ! የዝውውር ደብዳቤ ሳላገላብጥ የአባባ አገልግሎት ፊቴ ተዘረጋ። ሐረር ያኔ የሦስተኛ ክፍለ ጦር መቀመጫ ነበረች። አስመራ ደግሞ የሰሜኑ ግንባር ማዘዣ ነበረች። አንዷ ብቻ ከመስመሩ ትወጣለች፦ ሦስተኛዋ፣ አክስቴ። አባባ ምሥራቅ ሳሉ እሷ ለምን እዚህ ብርድ ውስጥ ተወለደች?

እማማን ጠየቅኋቸው። ቀደም ሲል ጅጅጋ አጠገብ ስለተደረገው የካራማራ ጦርነት ጠይቄያቸው «እኔ የጦር ነገር ምን አውቄ ልጄ፣ እሱን ወንዶቹን ጠይቅ» ብለው ዘግተውኝ ነበር። የአክስቴን ክርስትና ሳነሳ ግን ወሬው ራሱ መጣ። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ሲገባ እማማ ነፍሰ ጡር ነበሩ። አባባ በወታደር መኪና አሳፍረው ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው፤ ከዚያ በአውቶብስ ደብረ ብርሃን እናታቸው ቤት። መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች። እማማ ትተውት የመጡት ቤት፣ አልጋው፣ የቡና ረከቦቱ ሁሉ እዚያው ቀረ። ከሁሉ በላይ የሚቆጫቸው ረከቦቱ ነው።

ክርስትናው መቼ ነበር? ዓመተ ምሕረቱን አያስታውሱትም። የሚያስታውሱት ግን ለእኔ ከወረቀት የበለጠ ሆኖልኛል፦ «ቀኑ መድኃኔዓለም፣ ሁዳዴ የገባ ሰኞ፣ ዘመኑ ማርቆስ። ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፤ በሽሮና በተልባ ነው ሰው ያበላሁት።»

እዚህ ላይ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ የሚያውቁ አንድ ቄስ አብረውኝ ተቀመጡ። ዘመኑ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ስለሚጠራ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ነው የሚመጣው። ለምትፈልጉት ስሌቱን ልንገራችሁ፤ ወንበር፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክ የሚባሉት የስሌቱ ቁጥሮች ናቸው። 5500 ሲደመር 1970፣ 7470 ዓመተ ዓለም ነው። ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ ሁለት ይሆናል፤ ሁለት በ19 ተባዝቶ 30 ሲቀነስለት መጥቅዑ 8። ጥቅምት 8 ያን ዓመት ማክሰኞ ዋለ፤ የማክሰኞ ተውሳክ 5 ነው። 8 እና 5፣ 13። ነነዌ የካቲት 13 ትገባለች፤ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 27 ላይ፣ ሁዳዴ ይገባል። 27 መድኃኔዓለም! በፊቱ ያለው ማርቆስ 1966 ነው፤ ያኔ ሁዳዴ የገባው የካቲት 11። በኋላ ያለው 1974 ሲሆን የካቲት 15 ነው የገባው። እማማ ያሉት ቀን የሚገጥመው በ1970 ብቻ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ጅጅጋ ነፃ የወጣችው፣ የካራማራ ድል የሚታሰበው፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ነው። ክርስትናው በማግስቱ! ይኼን ስነግራቸው እማማ ቀና ብለው አዩኝና እስከዚያ ቀን ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ነገር ነገሩኝ። ሰው ማዕድ ላይ እንዳለ ከጎረቤት አንዱ ሬዲዮ ሰምቶ እየሮጠ ገባ። ጅጅጋ ተመለሰች አለ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «እኔ ግን ሕፃኗን አቅፌ ዝም አልኩ። የእሱን ደህንነት ሳልሰማ እልልታ ከየት ይወጣኛል?» አሉኝ። አባባ ልጃቸውን መጀመሪያ ያዩት ግንቦት ላይ ነው። ጢማቸውን አይታ አለቀሰች አሉ።

በነገራችን ላይ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ ወደ ኋላ ቆጥረን የአክስቴን ልደት ታኅሣሥ 8 ላይ አገኘነው። መታወቂያዋ ላይ ያለው ጥር 1 ነው። ወንድ ከሆነ 40 ቀን ነው የምትቆጥሩት። ወላጆቻችሁ ልደታቸውን በትክክል የማያውቁ ከሆነ ስለ ክርስትናው ቀን ጠይቁ፣ ይሠራል።

ደብዳቤዎቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። እማማ በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠዋቸዋል። አንዱን እንዳለ ልግለጽላችሁ። ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ወረቀት ነው፤ አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ሰላምታው ራሱ ግማሽ ገጽ ይወስዳል። ስለ ራሳቸው ሁለት መስመር፦ «እኔ ደህና ነኝ፣ የጎደለኝ የእናንተ ናፍቆት ብቻ ነው።» ቀሪው በሙሉ ጥያቄ ነው። ገብሱ ታጨደ ወይ? ትልቁ ልጅ ስንተኛ ወጣ? ጣሪያው የሚያፈሰው ተሠራ ወይ? የላክሁት ብር ደረሰ ወይ? ከዚያ በኅዳጉ ላይ፣ ወረቀቱን አዙረው፣ የማባዛት ሰንጠረዥ እስከ 12 ጽፈዋል፤ ለልጁ እንዲሰጥ። ከምሽግ ሆነው ነው እንግዲህ። የትኛውም ኒሻን ስለ እሳቸው የዚህን ያህል አይነግረኝም።

አብረዋቸው ያገለገሉ አንድ ሃምሳ አለቃም አግኝቻለሁ። ስለ ውጊያ ስጠይቃቸው የቦታና የጦር ክፍል ስም ነው የሚደረድሩልኝ። «ምን ትበሉ ነበር?» ስላቸው ግን ደረቁ የወታደር ብስኩት ኮቾሮው፣ ውሃው፣ ሌሊቱ ሁሉ መጣ። መጻፍ ለማይችለው ወታደር ደብዳቤ የሚጽፉለት አባባ እንደነበሩም የሰማሁት ያኔ ነው። እና አባባ የመንዝ ባናቸውን፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳቸውን፣ ኦጋዴን ድረስ ይዘው ሄደው ነበር። ቀን ሙቀቱ ሲያነድ ቢስቁባቸውም ሌሊት ለዘብ የሚወጣ ሁሉ ተራ ይዞ ይለብሰው ነበር።

ሆለታ ነው የሠለጠኑት ወይስ ሐረር የሚለው የቤተሰብ ክርክር በአንድ ፎቶ ተፈታ፤ ጀርባው ላይ ሆለታ ገነት ይላል። ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ ከመስተዋት ጋር የተጣበቀውን አትንቀሉት፣ ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ከነመስተዋቱ በመስኮት ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ አንሱት። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን። የሰው ወሬ በድምፅ ስትቀዱ ደግሞ ስልኩን ከረከቦቱ አርቃችሁ የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጡት፤ ሲኒ ሲንኳኳ ግማሹ ወሬ አይሰማም።

የሚከብደኝ የሰሜኑ ዘመን ነው። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የሠራዊቱ ናደው ዕዝ ሲመታ አባባ ከረን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው እየሳሳ ይሄዳል፤ 1983 ላይ ጭራሽ የለም። ግንቦት ሲያልፍ፣ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ከሰሜኑ ጦር ብዙ ሰው በሱዳን በኩል ወጣ፤ እሳቸውም በዚያው በኩል። እማማ ያን ክረምት ሰው ሁሉ «እርምሽን አውጪ» ሲላቸው ጥቁር አልለበሱም። ከዚህ በላይ አልገፋኋቸውም። ሲፈልጉ ይነግሩኛል።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አባባ እኔም አውቃቸዋለሁ። የእድር ጸሐፊ ሆኑ። መዝገባቸውን እድሩ አውሶኛል። ቀን፣ ሰዓት፣ የተገኘ፣ የቀረ፣ የቀረበት ምክንያት። በትንንሹ የተጻፈ፣ አንድ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። አንዲት ባልቴት መዋጮ ባጎደሉ ቁጥር አጠገቡ «ተከፍሏል» ይላል፣ በማን እንደተከፈለ አይልም። እማማን ጠየቅኋቸው። «ታዲያ በማን ይሆናል?» አሉኝ።

አሁን የቀረኝ አንድ ካሴት ነው። አባባ ከአስመራ ድምፃቸውን ቀድተው የላኩት፤ ክሩ ተጣብቋል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ካሴት የሚጠግን፣ ሳይበጥስ ወደ ስልክ የሚገለብጥ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አባቱ ወይም አያቱ ከረን የነበሩ ካላችሁም ደብዳቤዎቻችንን ጎን ለጎን አድርገን ብናይ ደስ ይለኛል።