የሰበር መዝገብ ቁጥር ብቻውን አያስረታም

በክስም ሆነ በመልስ ላይ «የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር ይህን ያህል አስገዳጅ ትርጉም ሰጥቶበታል» ተብሎ ይጻፍና ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ችሎቱ የትኛውን ድንጋጌ እንደተረጎመ፣ በምን ዓይነት ፍሬ ነገር (በጉዳዩ ውስጥ በተፈጸመው ነገር) ላይ እንደተረጎመው፣ ትርጉሙ ዛሬም የጸና መሆን አለመሆኑ አይነሳም። ባለጉዳዩ ቁጥሩን አምኖ ይቀመጣል፤ ተከራካሪው ወገን መዝገቡን አውጥቶ ያነበበ ቀን ግን ጉዳዩ ይበላሽበታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80(3)(ሀ) መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን ማናቸውንም የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የማየት ሥልጣን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። ትርጉሙ በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ የሆነው ግን በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነው። በሁለቱም አዋጆች የሚያስገድደው ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ነው። በመዝገቡ ውስጥ የሰፈረው ቃል ሁሉ አያስገድድም፤ ማን ምን ያህል እንደተፈረደለትም አያስገድድም።

ከዚህ የሚነሳ አንድ ስሕተት አለ። የሰበር አቤቱታ መጀመሪያ የሚመረመረው በሦስት ዳኞች ነው፤ እነሱ ጉዳዩ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ይላሉ። «አያስቀርብም» ማለት አቤቱታው ለሰበር የሚያበቃ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አልታየበትም ማለት ብቻ ነው። የሥር ፍርድ ቤት የሰጠው ሐተታ የሰበር ትርጉም ሆኖ አያድርም። «ሰበር አጽንቶታል» እየተባለ የሚቀርበው ብዙ ነገር ግን ይኸው የማጣሪያ ትእዛዝ ነው።

የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸው ቅጾች ከ20 በላይ ደርሰዋል። በየውሳኔው ራስ ላይ ጥቂት መስመር ማጠቃለያና የተተረጎመው አንቀጽ ቁጥር ይሰፍራል፤ ያ መፈለጊያ እንጂ ትርጉም አይደለም። ቀጥሎ የመዝገብ ቁጥር፣ ቀን፣ የዳኞች ስም፣ አመልካችና ተጠሪ ይመጣሉ። «ፍርድ» ከሚለው ቃል በኋላ የሥር ፍርድ ቤቶች ክርክር በረጅሙ ይተረካል፤ እዚህ የሚነበበው የተከራካሪዎች ቃል ወይም የሥር ፍርድ ቤት አቋም ነው። ከዚህ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዞ «ሰበር እንዲህ ብሏል» ማለት ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት ነው። ችሎቱ በራሱ ቃል መናገር የሚጀምረው «እኛም ... መርምረናል» ብሎ ጭብጡን ከያዘበት መስመር ነው። ትርጉሙ ከዚያ እስከ «ውሳኔ» ድረስ ባለው ክፍል ውስጥ አለ። በመጨረሻ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 348(1) መሠረት የሥር ውሳኔ መጽናቱ፣ መሻሻሉ ወይም መሻሩ ይገለጻል። ከዚያም በታች «የሐሳብ ልዩነት»፣ ማለትም በአብላጫው ያልተስማማ ዳኛ የጻፈው፣ ካለ ሳይነበብ አይታለፍ። አያስገድድም፤ ግን የአብላጫው ትርጉም እስከ የት እንደሚደርስ ከእሱ በላይ የሚያሳይ የለም።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ጉዳይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723(1) የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 የተሰጠው ትርጉም ጥብቅ ነበር፤ ምዝገባው ካልተፈጸመ ውሉ ሕግ ፊት አይጸናም። ቤት በመንደር ውል ገዝቶ ዓመታት የኖረ ሰው በዚህ ምክንያት ለቆ የወጣበት ክርክር ጥቂት አይደለም። ኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ችሎቱ ሻጩ ውሉ መኖሩንና ግዴታ መግባቱን ካልካደ በአዋዋይ ፊት አልተደረገም ተብሎ ብቻ ውሉ አይፈርስም አለ።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ችሎት የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የመከላከያ መልሱን ነው። ሻጩ «ውል የለንም» ብሎ ክዷል? ወይስ «ውሉ አለ፣ ግን አልተመዘገበም» ብሏል? በመጀመሪያው ሁኔታ ገዢው 36887ን ቢጠቅስ አይረዳውም። በሁለተኛው ሻጩ 21448ን ቢጠቅስ የተሻሻለ ሐሳብ ላይ ተንጠላጥሏል። ለሻጭ ጠበቃ መልስ ሲያዘጋጅ አንዲት «ሸጬለታለሁ ነገር ግን» የምትል ሐረግ የጉዳዩን ዕጣ ትወስናለች፤ ለገዢም ያቺን ሐረግ አግኝቶ ማስመር የመጀመሪያው ሥራ ነው። በዚሁ አንቀጽ ላይ ደግሞ ሕግ አውጪው ራሱ ገብቶበታል፤ በአዋጅ ቁጥር 639/2001 ለባንክ ወይም ለአነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ብድር የሚሰጥ የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንደማያስፈልገው ተደነገገ። ስለዚህ የመያዣ ውልን በ21448 ሐተታ ለማፍረስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

በቤተሰብ ጉዳይ መዝገብ ቁጥር 23632 ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትንና በአክስቱ እጅ ያደገን ልጅ አባቱ በሞግዚትነት ለመውሰድ ጠየቀ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ሕይወት ያለው ወላጅ ሞግዚት ነው በሚለው ደንብ ፈረዱለት። ሰበር በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ሻረው። መሠረት ያደረገውም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36(2)ና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ነው፤ ከሁሉ በፊት የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም አለ። ውሳኔው «አክስት ከአባት ትበልጣለች» አላለም። ልጁን ማን አሳደገው፣ አባቱስ በነዚያ ዓመታት የት ነበር የሚለው ፍሬ ነገር ተመዝኖ ነው እዚያ የተደረሰው። በዚህ መዝገብ የሚከራከር ሰው ከቁጥሩ በላይ ማስረጃ ያስፈልገዋል፦ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሕክምና ካርድ፣ ቀለብ መከፈል አለመከፈሉ፣ የጎረቤት ምስክር።

ጋብቻ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ፈርሷል ሊባል እንደሚችል የተተረጎመበት መዝገብ ቁጥር 20938ም እንዲሁ ተዘርግቶ ይጠቀሳል። እዚያ የነበረው ለረጅም ዓመታት ተለያይቶ ሌላ ኑሮ መመሥረት ነው። ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ ገንዘብ የምትልክ ሚስት በዚህ መዝገብ «ፈትታለች» ልትባል አይገባም፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት መስጠቱም አይዘነጋም።

ሕጉ ከተለወጠ ትርጉሙ ሊከተለው ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ዘመን ስለ ሙከራ ጊዜ የተሰጠ ውሳኔ የሚናገረው ስለ 45 ተከታታይ ቀናት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን 60 የሥራ ቀናት ሆኗል። በንግድ ጉዳይም ማኅበራትንና ኪሳራን የሚመለከቱት ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል፤ ቼክና መድን የሚገዙባቸው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍሎች ግን አሁንም ይሠራሉ። የድሮ የቼክ ውሳኔ ስለዚህ በእጅ ይቆይ፤ የአክሲዮን ውሳኔ ከሆነ ከአዲሱ አንቀጽ ጋር ጎን ለጎን ይነበብ።

ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል፤ አዋጅ 1234 ለዚህ ከሰባት ያላነሱ ዳኞች የሚሰየሙበትን ችሎት አዘጋጅቷል። የአንቀጹን ቁጥር ይዞ ከኋለኛው ቅጽ ወደ ፊተኛው መፈለግ ይሻላል፤ ከፊተኛው የሚጀምር ሰው ያገኘው የመጀመሪያ ውሳኔ ላይ ይቆማል። በአቤቱታው ውስጥም ከመዝገብ ቁጥሩ ጋር ቅጹን፣ ቀኑን፣ የተተረጎመውን አንቀጽ፣ ትርጉሙ ያረፈበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ፣ ቀጥሎም ሁለቱ ጉዳዮች የሚመሳሰሉበትን ፍሬ ነገር በሁለት መስመር ማስፈር ያስፈልጋል። የውሳኔው ሙሉ ቅጂ ይያያዝ። ተከራካሪው ቁጥር ብቻ ጠቅሶ ከመጣ ደግሞ በመልሱ ላይ ልዩነቱን በፍሬ ነገር ማሳየት እንጂ «አያስገድድም» ብሎ ማለፍ አይበቃም።