ተናካሽ

ጠባሳው አሁንም በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል አለ። የሚያንገበግበኝ ግን ንክሻው አይደለም።

ባሕር ዳር የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ እሠራ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በከረረበት፣ አንዲት እናት ድመታቸውን በማዳበሪያ ይዘው ገቡ። ከጣና ዳር በባጃጅ ነው የመጡት። ልጃቸው ዓሣ አስጋሪ ነው፤ ማዳበሪያው ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል። ውሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ደርሶ ነበር።

ማዳበሪያው ተፈታ። ውሮ አልወጣችም። ጥጉ ላይ ተጣብቃ ፍፍፍ ትላለች። ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል። ብሌኗ ከመስፋቱ የተነሳ ዓይኗ ጥቁር ብቻ ሆኗል። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ። መሸሻ ያጣች ድመት እንዲህ ናት፤ እጅ ሲመጣባት መንከስ ብቻ ነው የሚቀራት።

«ትንሽ እንተዋት» አልኩ።

አለቃዬ ወረፋውን አየ። «ድመት ስታባብላት ትንቅሃለች። ማጅራቷን ያዝ!»

ያዝኩ። እያወቅኩ ያዝኩ።

የድመት ጥርስ ቀጭን ነው። ቀዳዳው ከላይ ቶሎ ይገጥምና ጀርሙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቧንቧው ሥር ቆሜ በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። ወደ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ውሮ ክፉ አይደለችም ልጄ» አሉኝ እናትየዋ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። «እሷ እኮ ፈርታ ነው። ሰሞኑን የጎረቤት ውሻ መውጫ መግቢያ አሳጥቷታል።»

ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ማዳበሪያው አፍ ላይ አነጠፉት። በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልጠሯትም፣ ዞር ብለውም አላዩዋት። እጄን እያሸሁ የነጠላው ጥለት ሲንቀሳቀስ አየሁ። መጀመሪያ አፍንጫዋ፣ ቀጥሎ አንድ እግሯ። አሽትታ አሽትታ ነጠላው ላይ ተኛች። እሳቸውም ቀስ ብለው ጠቀለሏት፤ ጭንቅላቷ ብቻ ቀረ። መርፌው ሲገባ ድምፅ እንኳ አላሰማችም።

እኔ ገና ታጥቤ አልጨረስኩም።

አለቃዬ ካርዷን ተቀብሎ በቀይ እስክሪብቶ «ተናካሽ» ብሎ ጻፈበት። እናትየዋ ማንበብ አይችሉም። በር ላይ ጠበቁኝና «ምን ብሎ ነው የጻፈባት?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ካርዱን ተቀብዬ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ፈርታ ነው። በነጠላ ጠቅልሏት። ጊዜ ስጧት።» ይህኛውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።