ከጦሳ ግርጌ ሆኖ ባለብዙ ባንድ ቢም መምረጥ

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው ቤታችን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት የአማተር ራዲዮን ዓለም፣ ማለትም ሰዎች ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በራዲዮ የሚገናኙበትን፣ የማዳምጠው ከቆርቆሮው ጣሪያ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ በተወጠረ አንድ የሽቦ ዳይፖል (ቀላል ቀጥተኛ አንቴና) ነው። የማሰራጫ ፈቃድ ገና አልያዝኩም፤ እስኪደርሰኝ ድረስ በማዳመጥና ጣቢያዬን በማደራጀት ላይ ነኝ። ይህ ፍቅር ያደረብኝ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ፣ ኢቲ3ኤኤ የሚል መለያ ስም ያለው የክለብ ጣቢያ ጥሪውን ባሰማ ቁጥር ከየአህጉሩ ስንት አማተር ተሻምቶ እንደሚመልስለት በጆሮዬ ከሰማሁ በኋላ ነው። ዘንድሮ ከዳይፖሉ ወደ ባለብዙ ባንድ አቅጣጫዊ አንቴና፣ አማተሮች ቢም ወደሚሉት፣ ለመሸጋገር ቆረጥኩ፤ ባንድ የምንለው ለአማተሮች የተመደበ የሞገድ ክልል ነው፣ በሜትር የሚጠራውም በሞገዱ ርዝመት ነው። ምርጫው ብዙ ወራት ወሰደብኝ፤ የወሰደብኝም በስሕተት ጫፍ ስለጀመርኩት ነው። መጀመሪያ የዲሲቤል ቁጥር፣ ማለትም አንቴናው ሲግናልን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚለካበትን፣ አነጻጸርኩ፤ መጀመር የነበረብኝ ግን ከተራራው፣ ከነፋሱና ከምሰሶው ነበር።

ቢም ኃይል አይፈጥርም። በየአቅጣጫው የሚበተነውን ሰብስቦ ወደ አንድ ወገን ይልካል፤ ከዚያው ወገን የሚመጣውንም አጉልቶ ሲያሰማ ከጀርባ የሚመጣውን ያደበዝዛል። ጃፓናውያኑ ሂዴትሱጉ ያጊና ሺንታሮ ኡዳ በ1926 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቁት ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም፤ አንድ ኃይል የሚቀበል ዘንግ፣ ከኋላው ጥቂት ረዘም ያለ አንጸባራቂ፣ ከፊቱ ደግሞ አጠር ያሉ መሪዎች። ችግሩ የሚመጣው በአንድ ምሰሶ ላይ ብዙ ባንድ ሲፈለግ ነው። እኔ የምፈልጋቸው አምስት ናቸው፤ 20፣ 17፣ 15፣ 12 እና 10 ሜትር። የ20 ሜትሩ ዘንግ ብቻውን 10 ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

አምስቱንም የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የራዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው ከባቢ አየር፣ አዮኖስፌር፣ ጉልበቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው፤ የፀሐይ እንቅስቃሴ ከፍና ዝቅ የሚልበት 25ኛው ዑደት ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደርሷል፤ ስለዚህ በሚመጡት ዓመታት 10 እና 12 ሜትር እያደር ጸጥ ማለታቸው አይቀርም፣ 20 እና 17 ግን ሸክሙን ይዘው ይቀጥላሉ። በሌላ በኩል የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ፣ ከበላያችን ያለው አዮኖስፌር ከአውሮፓው ይልቅ የዳበረ ነው፤ ላይኛዎቹ ባንዶችም ለእኛ ሙሉ በሙሉ ይዘጋሉ ማለት አይደለም። ሦስት ባንድ (20፣ 15 እና 10) ብቻ ባለው አንቴና ረክቼ 17ን ማጣት ለእኔ የማይዋጥ ነው።

አቅጣጫውን ስቀምር የተገረምኩበት ነገር አለ። ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት ዘንግ አዟዟር ሲቆጠር፣ ከደሴ ለንደን በ330 ዲግሪ፣ ኒውዮርክ ደግሞ በ315 ዲግሪ ላይ ነው የሚገኙት። ካርታ ዘርግቶ የሚያይ ሰው አሜሪካን ወደ ምዕራብ ይፈልጋታል፤ በሉል ምድር ላይ ግን አጭሩ መንገድ በአውሮፓ በኩል ያልፋል። ሁለቱ በ15 ዲግሪ ብቻ ስለሚለያዩ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ምዕራብ የዞረ መካከለኛ ቢም ሁለቱንም በአንድነት ያቅፋቸዋል። ቶኪዮ በ53 ዲግሪ፣ ሳኦ ፓውሎ በ246 ዲግሪ ናቸው። ከዚህ በመነሣት የኤሌክትሪክ ማዞሪያ ሞተር እንደማያስፈልገኝ ተረዳሁ፤ አንቴናው ቀላል ከሆነ ምሰሶውን ከታች ሆኖ በእጅ ማዞር በቂ ነው፤ በቀን ቢበዛ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው የሚዞረው።

ቀጥሎ ተራራው መጣ። የልጄን ፕሮትራክተር ወስጄ፣ መካከሉ ላይ ክር አሥሬ፣ ከክሩ ጫፍ አንድ ዳዶ አንጠልጥዬ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። በፕሮትራክተሩ ቀጥተኛ ጠርዝ የጦሳን ጫፍ እያነጣጠርኩ፣ ክሩ የሚያርፍበትን ቁጥር ልጄ እያነበበች ጻፈችልኝ። ወደ ሰሜን ምዕራብ አድማሱ 12 ዲግሪ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ ታች በሚወርድበት በኩል፣ 4 ዲግሪ ብቻ። ይህች የአሥር ደቂቃ ሥራ ከብዙ ወራት ንባብ በላይ ጠቅማኛለች፤ ምክንያቱም የምሰሶውን ቁመት የወሰነችው እርሷ ናት። አግድም አንቴና ከመሬት በግማሽ ሞገድ ከፍታ ላይ ሲሰቀል ዋናውን ኃይሉን በ28 ዲግሪ ገደማ፣ በሙሉ ሞገድ ከፍታ ሲሰቀል ደግሞ በ14 ዲግሪ ገደማ ይልካል። 10.5 ሜትር ቁመት ለ20 ሜትር ባንድ ግማሽ ሞገድ፣ ለ10 ሜትር ባንድ ሙሉ ሞገድ ነው፤ ሁለቱም ከጦሳ ጫፍ በላይ ያልፋሉ። ምሰሶውን እጥፍ አድርጌ 21 ሜትር ባደርሰው ግን የ10 ሜትሩ ጨረር ወደ 7 ዲግሪ ወርዶ ድንጋዩን ይመታል። በሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው «ከፍ በል» የሚል ምክር እዚህ በልክ መወሰድ አለበት። ወደ ጃፓን በኩል ደግሞ የመሬቱ ቁልቁለት ራሱ ጨረሩን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ተራራው በአንድ ወገን የነፈገኝን በሌላው ወገን ክሶኛል።

አሁን ወደ አንቴናዎቹ ልምጣ። መጀመሪያ የሞከርኩት ከአዲስ አበባ በሁለተኛ እጅ የገዛሁትን ባለሦስት ባንድ የትራፕ ቢም ነበር። ትራፕ ማለት በዘንጉ መካከል የሚገባ የጥቅል ሽቦና የካፓሲተር ጥምረት ነው፤ በተወሰነለት ሞገድ ላይ በር ይዘጋና የዘንጉን ውጫዊ ክፍል ይቆርጣል፣ ከዚያ ባነሰ ፍሪክዌንሲ ደግሞ በሩን ከፍቶ ዘንጉ ሙሉውን እንዲሠራ ያደርጋል። ጥቅል ሽቦው ዘንጉን ስለሚያሳጥረው አንቴናው ለትንሽ ግቢ ይመቻል። በልግን ደህና አሳለፈ። ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ሲጋመስ ግን፣ በአንቴና መለኪያዬ ሳየው፣ የ15 ሜትሩ ማረፊያ፣ ማለትም አንቴናው በደንብ የሚሠራበት ፍሪክዌንሲ፣ ከቦታው ሸሽቶ ከባንዱ ውጭ ወድቋል። አውርጄ አንዱን ትራፕ ስከፍተው፣ ለውሃ መውጫ ከሥሩ የተተወችውን ቀዳዳ ተርብ በጭቃ ደፍናው አገኘሁ። ከአሉሚኒየሙ ቱቦ ውስጥ የቡና ሲኒ ግማሽ የሚሆን ውሃ ፈሰሰ፤ የመዳቡ ሽቦ ጠቁሮ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። አጽድቼ፣ አድርቄ መለስኩት፤ ይሁን እንጂ ስድስት ትራፕ ያለው አንቴና ስድስት እንዲህ ያለ ቤት አለው፤ መለዋወጫውም ከውጭ ካልመጣ በቀር አይገኝም። ትራፕ መጥፎ ነው አልልም፤ በብዙ አገር ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ ነው። ዝናቡ እንደኛ ለወራት በማያቋርጥበት አካባቢ ግን በየዓመቱ አውርዶ መክፈት ግድ ይሆናል።

ሎግ ፔሪዮዲክ የሚባለውን፣ ሁሉንም ባንድ ያለ ክፍተት የሚሸፍነውን፣ በክብደቱ ምክንያት ወዲያው ተውኩት። የዘንጎቹን ርዝመት በሞተር የሚያስረዝምና የሚያሳጥረው ዓይነት እጅግ የረቀቀ ነው፤ ሆኖም ሞተሩ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሲበላሽ ደሴ ውስጥ ማን ይጠግንልኛል?

የቀረው ሄክስቢም ነው፤ ልቤም ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ከመሀል ሳህን ስድስት የፋይበርግላስ ዘንጎች ወጥተው እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ለየባንዱ ሁለት ሁለት ሽቦ፣ ማለትም አንድ ተቀባይና አንድ አንጸባራቂ፣ በዘንጎቹ ዙሪያ ይወጠራል። ትራፕ የለውም፣ የሚበላሽ ጥቅል የለውም፤ ሽቦ ቢበጠስ ከገበያ ሽቦ ገዝቼ በዚያው ቀን እተካለሁ። ከመሀሉ እስከ ጫፉ 3.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከግቢያችን አጥር አያልፍም። ከዳይፖል ጋር ሲነጻጸር ትርፉ 3 ዲሲቤል ያህል ነው፤ ሙሉ ቁመና ያለው ባለሦስት ዘንግ ያጊ ከዚህ በ2 ዲሲቤል ገደማ ይበልጣል። ይህ ልዩነት በተቀባይ መለኪያ ላይ የአንድ ኤስ (የሲግናል ጥንካሬ ደረጃ) ሲሶ ነው፤ ጆሮ በጭንቅ የሚለየውን ያህል ለማግኘት ብዬ የምሰሶዬን ሸክም ሁለትና ሦስት እጥፍ አላደርግም። ይልቅ ያንን ገንዘብ አንቴናውን ከራዲዮው በሚያገናኘው ገመድ ላይ አውለዋለሁ፤ በ28 ሜጋኸርዝ (በ10 ሜትር ባንድ) 30 ሜትር ቀጭን አርጂ-58 ገመድ ከሚገባው ኃይል ከ40 በመቶ በላይ ሲበላ፣ ወፍራሙ አርጂ-213 ከሩብ በታች ነው የሚወስደው።

ስለ ነፋስ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እርግጥ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በባሕር ወለል ደረጃ ካለው ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንስልናል፤ በዚህ መተማመን ግን አይገባም። ምሰሶውን የሠራልኝ የሰፈራችን የብየዳ ባለሙያ ሥዕሌን አይቶ፣ «ወንድሜ አብሽር፣ ቧንቧው ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ እግሩ ነው» አለኝ። በእርሱ ምክር ጉድጓዱን አንድ ሜትር አስቆፍሬ አርማታ አስሞላሁ፤ ውጭኛው ቧንቧ በአርማታው ቆሞ፣ ቀጭኑ ቧንቧ በውስጡ ይዞራል፤ መወጠሪያ ገመዶቹም የታሠሩት በማይዞረው ላይ ነው። ለመብረቅ ደግሞ ከምሰሶው እግር እስከ መሬት ማሠሪያው ዘንግ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ዘርግቻለሁ፤ ደመናው ማጉረምረም ሲጀምር የአንቴናውን ገመድ ከራዲዮው ነቅዬ ከቤት ውጭ አስቀምጣለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ይህን የማላደርግበት ከሰዓት በኋላ የለም።

ስድስቱ ዘንጎች አሁን በረንዳው ላይ ተጋድመዋል። የደጋው ፀሐይ ፋይበርግላስን ቶሎ ስለሚያደርቀውና ቃጫውን ስለሚያወጣው፣ ሁለት እጅ ግራጫ ቀለም ቀብቼያቸዋለሁ። ሽቦዎቹን ለክቼ የቆረጥኩት እስከ 15 ሜትር ባንድ ድረስ ነው፤ የ12 እና የ10 ይቀራሉ። ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያባራ፣ ምሰሶው ላይ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ አቁሜ በመለኪያው አንድ በአንድ አያቸዋለሁ፤ ከዚያም ቀጭኑን ቧንቧ ወደ 330 ዲግሪ አዙሬ፣ የመጀመሪያውን ምሽት 17 ሜትር ላይ አዳምጣለሁ።