ጎንደር፦ ከግንቡ አጥር እስከ ፒያሳ

ከአዘዞ አየር ማረፊያ ያመጣኝ ባለታክሲ «ፒያሳ ላውርድህ ወይስ ግንቡ በር?» ሲለኝ ሁለቱ የተራራቁ መስሎኝ ነበር። ለካስ የፋሲል ግቢ አጥር ሲያልቅ ፒያሳ ይጀምራል።

ጎንደርን የማውቃት በፖስታ ካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ ግንቡ ብቻውን ነው የቆመው። እኔ ግን ቁርሴን የበላሁት ጣሊያን በሠራው ሕንፃ ሥር ነው፤ ማዕዘኑ እንደ እንስራ ሆድ ዞሯል። ማኪያቶዬን አስቀምጬ የተላጠውን ግድግዳ ጠጋ ብዬ ሳየው ከክሬሙ ቀለም ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ቢጫ አለ። የመጣ ሁሉ ቀብቶት ሄዷል።

ጣሊያን ጎንደር የቆየው ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያች አጭር ጊዜ፣ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦሲዮ በነደፈው ፕላን፣ ፖስታ ቤቱንም ሲኒማ ቤቱንም ሠርቶ ሄደ። ለማን ብሎ እንደሠራው አይጠፋኝም፤ ለእኛ አልነበረም። ግን ልኩን ያውቃል፤ ከግንቡ በላይ ልታይ አይልም። አሁን ብቅ ብቅ የሚሉት ባለመስታወት ፎቆች ለአዲስ አበባ ተስለው መንገድ የሳቱ ይመስላሉ።

ከሰዓት ግቢው ገባሁ። ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሩት የአፄ ፋሲል ግንብ አራት ጉልላቶቹን እንደ እንቁላል ደፍቶ ቆሟል። አስጎብኚው ወደ ግድግዳው አስጠግቶ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ነጣ ያለ ኖራ አስነካኝ። በጣሊያን ጊዜ ሲጠገን ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር፤ ለድንጋዩ ስለማይስማማው ኋላ ወጥቶ ኖራው ተመለሰ። የኢያሱ ግንብ ግን ጣሪያ የለውም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የጀመረውን፣ ጣሊያንን ለማስወጣት እንግሊዝ የጣለው ቦምብ ጨረሰው።

ማታ ፒያሳ ተመልሼ የተተረተረ የቦርሳዬን ማንገቻ ለአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ሱቃቸው ያው የጣሊያን ቤት ነው፤ ጥግ ላይ ባልዲ ተቀምጧል፣ ከላይ ጠብ ጠብ ይልበታል።

«አባባ፣ ይህን ቤት ማን ነው የሠራው?» አልኳቸው።

ከሲንገራቸው ቀና ሳይሉ፣ «ሠሪው ጣሊያን፣ አከራዩ ቀበሌ» አሉኝ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው፣ «ጠጋኙ እኔ፣ ልጄ።»