ፊዚክስ የደረሰው ተማሪ ምን ሥራ ይሠራል?

በየዓመቱ የትምህርት ክፍል ምደባ በሚታወቅበት ሰሞን፣ እዚህ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኳቸው ልጆች ይደውሉልኛል። «ቲቸር፣ ፊዚክስ ደረሰኝ» ሲሉኝ ድምፃቸው መርዶ የሚነግር ይመስላል። አብዛኞቹ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም ጤና መርጠው ነጥባቸው ያልበቃ ናቸው፤ ፊዚክስን አንደኛ ምርጫው አድርጎ የገባ ተማሪ ብርቅ ነው። ሥራ አናገኝም የሚለውን ስጋታቸውን አላጣጥለውም፤ ሆኖም ግማሹ ብቻ ልክ ይመስለኛል።

በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የፊዚክስ ባለሙያን በስሙ ጠርቶ የሚፈልግ ክፍት የሥራ ቦታ እምብዛም አይወጣም። ሰፊው በር መምህርነት ነው፤ እሱም ቢሆን በአፕላይድ ፊዚክስ ከተመረቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ ለማለፍ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው። የመምህር ደመወዝ የት ድረስ እንደሚያደርስ ደሴ ላይ ቤት የተከራየ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ አላነሳውም።

ልጆቹ የሚዘነጉት ትምህርቱ በእጃቸው የሚያስገባላቸውን ችሎታ ነው። ኳንተም መካኒክስ ስለተማረ ብቻ ሰው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት አላውቅም፤ በትክክል ለክቶ የልኬቱ ስሕተት ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ሰው ግን በብዙ ቦታ ይፈለጋል። ተማሪዎቼን ውኃ አፍልተው ሙቀቱን እንዲለኩ አደርጋለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህም ውኃው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። (የባቄላ ንፍሮ እዚህ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።) ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሞ እያዩት፣ መጽሐፉ 100 ይላልና 100 ብለው የሚጽፉ አሉ፤ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ሌላ የሚጠይቁም አሉ። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ወይም አንዱ ያየውን ይጽፍና፣ ቴርሞሜትሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትተን ዜሮ ማንበቡን እናረጋግጥ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ፋብሪካዎች ሚዛናቸውን፣ የሙቀትና የግፊት መለኪያቸውን የሚያስፈትሹበት የካሊብሬሽን ሥራ መሠረቱ ይኸው ጥያቄ ነው፤ የኢንዱስትሪ ከተማዋ ኮምቦልቻ ደግሞ ከእኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ናት።

ከዚህ ሌላ ሜትሮሎጂ አለ፤ የጨረራ መከላከል ሥራ አለ፤ የካንሰር የጨረር ሕክምና በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ለታማሚው የሚሰጠውን የጨረር መጠን የሚያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህ የመጨረሻው ግን ሁለተኛ ዲግሪና የሥራ ላይ ሥልጠና ይፈልጋል። ስለ ጠፈር የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች፤ በእንጦጦ የምርምር ማዕከል ቴሌስኮፖች አሉ፤ በላሊበላ አካባቢ ያሉ የወሎ ተራሮችም ለትልቅ የከዋክብት መመልከቻ ታስበው ተጠንተዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ያለው ወንበር ግን ጥቂት ስለሆነ የሕይወቱን ዕቅድ በእሱ ላይ ብቻ እንዲያቆም ማንንም አልመክርም። ምርምር የሚወድ ተማሪ በጣሊያን ትሪየስቴ ስለሚገኘው፣ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል ይጠይቅ፤ የዚህ ማዕከል አጋር ተቋም ኪጋሊም አለ።

ለሁሉም የምነግራቸው ግን ፊዚክሱ ብቻውን አይበቃም ብዬ ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ፓይተን የመሰለ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በሚገባ መልመድ፣ ካልሆነም የኤሌክትሮኒክስ ላብ ላይ በብየዳና መልቲሜትር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ እስኪሰለቻቸው መሥራት ይጠበቅባቸዋል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስም ከቀደሙት ተመራቂዎች ርዕስ ገልብጦ ከማስረከብ ይልቅ፣ የአንድ ወረዳን የዝናብና የሙቀት መረጃ በደብዳቤ ጠይቆ በራሱ በጻፈው ፕሮግራም የተነተነ ተማሪ፣ ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከትራንስክሪፕቱ ሌላ የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል።