መብራት የማይፈልግ ብስኩት

ዛሬ ለገጣፎ መብራት ጠዋት እንደሄደ ቀረ። ልጆቹ ደግሞ መክሰስ መክሰስ ይላሉ። ሳይጋገር የሚበላ ብስኩት ሠራሁላቸው።

2 ኩባያ ተምር ፍሬውን አውጥቼ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩ። ሲለሰልስ በሙቀጫ ወቀጥኩት። እንደ ሊጥ ተያያዘ፣ እጅ ላይ ሁሉ ይጣበቃል። ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር አልጨመርኩም። ከዚያ 1 ኩባያ በሶ፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና የተፈጨ ተልባ። ተልባው ሳይፈጭ ከተበላ አብዛኛው እንዳለ ነው የሚወጣው፣ መፍጨቱን እንዳትተዉት። በሶን የመረጥኩት ገብሱ አስቀድሞ ስለሚቆላ ነው። የስንዴ ዱቄት ጥሬውን ቢበላ ሆድ ሊያሳምም ይችላል።

ዳምጬ፣ በቢላ ቆራርጬ፣ ሰሊጥ ነሰነስኩበት። አለቀ።

ጎረቤታችን እማማ አንዱን ቀምሰው «ይሄማ ጭብጦ ነው ልጄ፣ ማር ጠብ አድርጊበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የስንቱ መንገደኛ ስንቅ ነበር! ከታሸገ ብስኩት ይልቅ ይሄን ልጆቼ ቦርሳ ውስጥ ብከት ደስ ይለኛል። ለጾምም ይሆናል።

ማር የምትጨምሩ፣ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳትሰጡ፣ አደራ። ኑግ አስገብታችሁበት የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ።