ብየዳው በየትኛው መለኪያ ይቆጠራል?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች አራተኛው የትምህርት ግብ ሲሆን፣ በሥሩ ያለው ዒላማ 4.4 የቴክኒክና ሙያን ጨምሮ ለሥራ የሚያበቃ ክህሎት ያላቸው ወጣቶችና ጎልማሶች ቁጥር እስከ 2030 ድረስ በእጅጉ እንዲጨምር ይጠይቃል። እኔን የሚገርመኝ መለኪያው ነው። ዒላማው ስለ ሙያ ቢናገርም፣ ዓለም አቀፉ አመልካች የሚቆጥረው የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ክህሎት ያላቸውን ሰዎች ድርሻ ነው፤ ፋይል የሚቀዳ ይቆጠራል፣ ብረት የሚበይድ ግን አይቆጠርም።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ኮምቦልቻ ብየዳ ተምሯል። በማሠልጠኛው አንዷን ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠች ብረቱን የምታያይዘውን ዘንግ፣ ለሦስት ስለሚካፈሏት እሱ የሚደርሰው ጫፏ ነበር፤ እጁ የተፍታታው በኋላ፣ በር እና መስኮት በሚሠራ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዛሬ የበየደውን መስመር በጣቱ ዳስሶ፣ የት ላይ እንደቸኮለ ራሱ ይነግረኛል።

የሙያ ሥልጠና በ2014 ዓ.ም. ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ አዲስ ለተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር መሰጠቱን እደግፋለሁ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ሠልጣኙንና ቀጣሪውን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ያስፈልገዋልና። ሆኖም የአገር ቅድሚያ የሚታወቀው በዕቅድ ሰነዱ ሳይሆን በግዢ ዝርዝሩ ይመስለኛል፤ በጀት ሲጸድቅ መጀመሪያ የምፈልገው የኤሌክትሮዱን መስመር ነው።